በቅጹ ላይ የሞላሁት ተክል

በሕይወቴ ሕግ የጣስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በትክክለኛው መስመር ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ስሜንና የአባልነት ቁጥሬን ጽፌ ነው።

ኦታካር ህሩቤሽ እባላለሁ፤ የቅርብ ሰው ኦታ ይለኛል። አርባ ዓመት ሙሉ የባቡር ሐዲድ መቀየሪያ ላይ ሠርቻለሁ። አንድም ባቡር በተሳሳተ ሐዲድ አልላኩም፤ ቅጽም ባዶ ትቼ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ሚስቴ ቭላስታ የምትለውን መስማት ነው። ከከተማችን ዳር፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ የአትክልተኞች ማኅበር ከሚያከራያቸው አርባ ስድስት ቦታዎች አንዱ የእኛ ነው። በወረቀት የእኔ ነው፣ በእውነቱ ግን የእሷ ነው። ፒር የሚባለውን የፍሬ ዛፍ ቅርንጫፍ ከዱሩ ግንድ ጋር አጋብታ የምታጸድቀው እሷ ናት፤ የምትገርዘው እሷ፣ የምትቆጣው እሷ። እኔ ውሃ አመላልሳለሁ፤ ውሃውን ባፈሰስኩበት ቦታም እገሠጻለሁ።

ባለፈው የበረዶ ወራት የእጇ አንጓዎች አበጡ። በመጀመሪያ መርፌና ክር እምቢ አላት፤ ቀጥሎ የበሩ ቁልፍ፤ በሚያዝያ የመግረዣ መቀሱ ከእጇ አምልጦ ሣሩ ላይ ወደቀ። ላነሣላት ጎንበስ ስል «ተወው!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ቆማ አየችው። ያን ቀን አንጀቴን በላችው። ሐኪሙ የሰጣት ኪኒን ጨጓራዋን ላጠው እንጂ ለእጇ አልደረሰም። ልጃችን ሬናታ ከብርኖ ከተማ እየደወለች «በቃችሁ እንግዲህ፤ ቦታውን መልሱና እኛ ሰፈር ኑ፤ እዚህ አሳንሰር አለ» ትላለች። እኔ አሳንሰር ምን ይሠራልኛል? መሬት እኮ ነው የለመድኩት።

ቭላስታ ግን ፈረደች። «የጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ውሉ ይታደሳል አይደል? እስከዚያ እጄ መቀስ ከያዘ እንፈርማለን። ካልያዘ አንፈርምም። ወንበር ላይ ተጎልቼ አንተ ዛፎቼን ስታርዳቸው አላይም።»

ይህን ስትል አጥሩ ማዶ ቬንዴሊን ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል። ቬንዴሊን ጎረቤታችን ነው፤ ርግብ ያረባል፤ ዓለም ላይ ስላለው ነገር ሁሉ የሚያውቀው አንዳንድ ነገር አለው። በማግስቱ በእርጎ ኩባያ አንዲት ችግኝ ይዞ በአጥሩ ላይ አቀበለኝ።

«እቺን ትከልልኝና ስታድግ በአሳማ ሞራ አፍላት። ዝኖይሞ ከተማ ያለችው ምራቴ በእሱ ነው የተነሣችው፤ ዛሬ ደረጃ በሩጫ ነው የምትወጣው።»

ቅጠሏን አየሁ። ጣቶቿን የዘረጋች እጅ ትመስላለች። «ቬንዴሊን፣ ይቺ ሐሺሽ አይደለችም እንዴ?»

«ቀስ በል እንጂ! መላው የሞራቪያ አገር ይስማህ? መድኃኒት በል።»

«ከየት አመጣሃት?»

«ኦታ፣ አንተ ሰውዬ፣ ጥርስ ሊነቅልህ የመጣን ሐኪም ጉጠቱን ከየት ገዛኸው ትለዋለህ?»

ችግኟን ትቼ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሕጉ ለራሱ የሚሆን ጥቂት ሥር ሐሺሽ የተከለ ሰው ይቀጣል እንጂ ወንጀለኛ አይባልም ይላል። ደንብ መጣስና ወንጀል የተለያዩ መሆናቸውን አርባ ዓመት ስሠራ አላስተዋልኩም ነበር። ልክ እንደ ዋናውና እንደ መጠባበቂያው ሐዲድ ናቸው። ተመልሼ አንዷን ሥር በአጥሩ ጥግ፣ ፀሐይ በሚበዛበት፣ ተከልኳት። ቭላስታ ከወንበሯ ሆና «ያ ምንድን ነው?» አለች። «ለእጅሽ ነው» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም።

መቼም እንዲህ ያለ እድገት አላየሁም። ሰኔ ላይ ወገቤ ደረሰች፣ ሐምሌ ላይ ራሴን አለፈች። ማለዳ ማለዳ ስሄድ ትላንት ካየኋት የበለጠች ሆና ትጠብቀኛለች። በሐምሌ አጋማሽ የማኅበሩ ሊቀመንበርና የሌላው ጎን ጎረቤታችን ወይዘሮ ማሊኖቫ የሜትር ጥቅልላቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«አቶ ህሩቤሽ፣ እንደምን ዋሉ። ስለዚህ ተክል ነው የመጣሁት።»

«ወይዘሮ ማሊኖቫ፣ ላስረዳዎት እችላለሁ...»

«ምንም እንዳያስረዱኝ። ምን እንደሆነ አያገባኝም፤ ዓይን አለኝ። እኔን የሚያገባኝ ቁመቱ ነው።» ሜትሩን ዘረጉት፣ ጫፉን እኔ ያዝኩላቸው። «ሁለት ሜትር ከአርባ! ከአጥር አጠገብ ከሁለት ሜትር በላይ ክልክል ነው፤ አንቀጽ አሥራ አንድ። ቃሪያዬ ላይ ጥላ ጣለበት። ዓመቱን ሙሉ ስንከባከበው የኖርኩት ቃሪያ እኮ ነው!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፤ ከልቤም ነበር። ጥላ መጣል በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

«ይቁረጡት ወይም ቅርንጫፉን ወደ ጎን ያስተኙት። አንድ ሳምንት ሰጥቻለሁ።»

አናቱን ብቆርጠው መድኃኒቱ አናቱ ላይ ነው፤ ቬንዴሊን ነግሮኛል። ስለዚህ ፒርን ግድግዳ ላይ እንደሚያስተኙት አስተኛታለሁ ብዬ ሽቦ ወጠርኩ። ቅርንጫፏን ስጎትት ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ኧረ አንተ ሰው! ፉርጎ መሰለችህ እንዴ የምትጎትታት? ቀስ! ከታች ጀምር። በጣትህ እየደገፍክ... እንዲያ አይደለም!» ቭላስታ ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሯ ተነሥታ አጥሩ ድረስ መጣች። እጇ ባይችልም አፏ ይችላል። እሷ ስታዝ እኔ ሳስር፣ በአራት ቀን ውስጥ ቅርንጫፎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ ተክሏ ማበጠሪያ መሰለች። ቁመቷ አንድ ሜትር ከዘጠና፣ ስፋቷ ሦስት ሜትር ከሃያ።

ከዚያ በኋላ የሰው ብዛት! የማኅበሩ ሰው ሁሉ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ እየመጣ ያያታል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ስለ ቅጠሏ ቅማል፣ ስለ ፍጉ፣ ስለ ቋጠሮው ያወራሉ። ስሟን የሚጠራ ግን የለም። «የአቶ ህሩቤሽ ፒር» ይሏታል። «ፒሩ ዘንድሮ አማረበት» ይለኛል አንዱ፤ እኔም «ዝናቡ ረድቶኛል» እላለሁ። ወይዘሮ ማሊኖቫም ሜትራቸውን ይዘው መጥተው ለኩና «አሁን ደንቡን አሟልቷል» ብለው በእርሳስ ጻፉ።

በመስከረም ቆረጥኳት። ግማሹን አትክልቱ መካከል ባለችው ጎጆአችን ውስጥ ዘቅዝቄ ሰቀልኩ፣ ግማሹን በሞራ አፈላሁ። ሽታውን ለጠላቴም አልመኝም። አረንጓዴው ቅባት በማርማላታ ብልቃጥ ሃያ ሁለት ሞላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው፣ ከራት በፊት፣ የቭላስታን እጆች ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጣት በጣት አሻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ከማድ ቤት «ቷ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የታሸገ ጎመን ብልቃጥ ክዳን ከፍታለች። ራሷ! ብልቃጡን በአንድ እጇ፣ ክዳኑን በሌላው ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

እኔም ታዲያ ሲተርፍ ጉልበቴን ቀባሁት። ከሐዲድ ሥራ ያተረፍኩት ብቸኛው ነገር የጉልበት ሕመም ነው፤ ደረጃ ስወርድ ያስለቅሰኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ረሳሁት። ቬንዴሊን ወገቡን ቀባና የርግብ ቤቱን ጣሪያ ወጥቶ ጠገነ። ወሬው ከአጥር አጥር ሄደ። ባለ ቁጥር ዘጠኙ ትከሻውን፣ ባለ ቁጥር ሠላሳዋ አንገቷን። ወይዘሮ ማሊኖቫ መጡና «እኔ ስለ ጥላው ጉዳይ ነው የመጣሁት» ብለው ሁለት ብልቃጥ በቦርሳቸው ይዘው ሄዱ። በሳምንቱ የሚመረኮዙትን በትራቸውን ቤታቸው ረስተው መጡ።

አሁን እንግዲህ ወደ ቅጹ ልምጣ። በየመከሩ ማኅበሩ ቅጽ ያስሞላናል፤ ምን ተከልክ፣ ስንት ሥር፣ ምን ያህል ወጣው። ድምሩ መግቢያው በር ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሚያነበው የለም፣ ሁላችንም ግን እንሞላዋለን። ፒር፣ ፕለም፣ ቲማቲም ብዬ ጽፌ ቆምኩ። ዝም ብዬ ባልፈው ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። ባዶ መስመር እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ካናቢስ፣ አንድ ሥር፣ ቁመት 1.90፣ ስፋት 3.20» ብዬ በመድኃኒት ቅጠሎች ሥር ጻፍኩ።

ወይዘሮ ማሊኖቫ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አነበቡትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አቶ ህሩቤሽ፣ ይኼ አይሆንም።»

«አውቃለሁ፣ ይቅርታ...»

«መድኃኒት ቅጠሎች የሚለው ለካሞሚልና ለናና ነው። ይኼ ‹ልዩ ልዩ› ውስጥ ነው የሚገባው። አዲስ ቅጽ ይውሰዱ።»

እንደገና ሞላሁ። እሳቸውም ከነስሜ ለጠፉት።

በአራተኛው ቀን አንድ ወጣት ፖሊስ በእረፍቱ ብስክሌት ሲነዳ ጎማው ፈነዳበት፤ ሲያስተካክል በማኅበሩ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ማክሰኞ የደንብ ልብሱን ለብሶ ወደ ቦታችን መጣ። ቭላስታ የፕለም ኬክ ሰጠችው፤ አፍሮ በላ።

«አቶ ህሩቤሽ፣ በእርስዎ ስም ተለጥፎ ያየሁት ነገር ቀልድ ነው አይደል?» አለኝ፤ አዎ በለኝ የሚል ዓይን ነበረው።

«ማኅበራችን በቅጽ አይቀልድም» አልኩት።

«ማነው የለጠፈው?»

«እኔ ነኝ!» አሉ ወይዘሮ ማሊኖቫ፣ መኮትኮቻቸውን እንደያዙ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው። «ስህተት አለው?»

ምስኪን ልጅ፤ ከተሰቀለው አንድ እቅፍና አንድ ብልቃጥ ለምርመራ ወስዶ፣ ደረሰኝ ሰጥቶኝ፣ ለኬኩ አመስግኖ ሄደ።

ያን ቀን ቤት ስንገባ ቭላስታ ኮቴን ራሷ አወለቀችልኝ። «አርባ ስድስት ዓመት» አለች፣ «ባዶ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ከሚቆም ሰው ጋር ኖርኩ። እና አንተ ለእኔ እጅ ብለህ ፖሊስ መጣብህ!» ፊቷ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ዘረጋቻቸው። «መንግሥት የሚፈራው ነገር እኮ ነው እጄ ላይ ያለው። እንዴት አያድነኝ! ውሉን እንፈርማለን፣ ኦታ።»

ደስ አለኝ። ትንሽም ቢሆን ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ከሳምንት በላይ ቆይተው ከከተማው አስተዳደር፣ ከደንብ ተላላፊዎች ክፍል፣ ለሐሙስ ጠሩኝ፤ ውሉ የሚፈረመው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራባት አስሬ፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ እንደ ፍየል ወጣሁ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ልጄን የምታህል ሴት ናት። ፈገግ አለች፤ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

«አቶ ህሩቤሽ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ነፃ ነዎት።»

«ምን ማለት ነው ነፃ?»

«ተመረመረ። ገመድ የሚሠሩበት፣ ለወፍ መኖ የሚሸጠው ዓይነት ነው። የሚያደነዝዝ ነገር ምንም የለውም ማለት ይቻላል፤ ከገለባ ብዙ አይለይም። ጎረቤትዎ ወፍ የሚያረባ ሰው አለ?»

«ርግብ» አልኩ።

«ይኸውልዎት! ከመኖው የወደቀ ፍሬ ነው የበቀለው። ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል።»

«ታዲያ... ለእጅስ? ለአንጓ?»

ወረቀቱን ገለበጠች። «ሞራው ቆዳ ያለሰልሳል ይሆናል። እዚህ ይፈርሙልኝና ይሂዱ።»

ብዕሩን ያዝኩ፤ ግን አልፈረምኩም። በዓይኔ የመጣብኝ ያ የጎመን ብልቃጥ ነው። ቭላስታን፣ ክዳኑን ይዛ። ነገ ይህንን ሰምታ መቀሱን ስታነሣ ጣቶቿ ምን ይሆናሉ? ቅዳሜስ? ወይዘሮ ማሊኖቫ በትራቸውን ፍለጋ ሲመለሱ፣ ቬንዴሊን ጣሪያው ላይ እንዳለ ወገቡ ሲያዝ ታየኝ።

«የእኔ እመቤት» አልኩ፣ «ትንሽ ቅጣት ቢጻፍብኝስ?»

«ምን?»

«ትንሽዬ። ታች ያለችዋ።»

«በምን ምክንያት?»

«ሐሳቡ ነበረኝ እኮ! ሐሺሽ ነው ብዬ ነው የተከልኩት። በሙሉ ልቤ ነው ያጠፋሁት!»

«አቶ ህሩቤሽ፣ ለሐሳብ የሚሆን ቅጽ የለንም።»

«ማስጠንቀቂያስ? በጽሑፍ?»

«ለወፍ መኖ?»

«እንግዲያው በቃል ይቆጡኝ። እባክዎን። ባዶ እጄን ቤቴ አልገባም።»

እሷም ከወንበሯ ተነሣች፣ ጃኬቷን አስተካከለች፣ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «አቶ ህሩቤሽ! በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? ሁለተኛ እንዳይለምድዎት!» አለችና ሳቋ አመለጣት።

«አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ፈረምኩ። ነፃ ነው የሚለውን ወረቀት ይዤ ስወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ «ቀጭ» አለ። የቀሩትን ደረጃዎች መደገፊያውን ይዤ ወረድኩ። ውጭ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አራት ቦታ ቀደድኩት። የመንግሥት ወረቀት ቀድጄ አላውቅም ነበር።

በማኅበራችን በር ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመው ይጠብቁኛል። ቬንዴሊን የፕለም አረቄውን ይዟል። ቭላስታ ከፊት ናት።

«እህስ? ምን አሉህ?» አለች።

«ተቆጡኝ» አልኩ። «ጣት ቀስረው ተቆጡኝ። ሁለተኛ እንዳይለምድህ አሉኝ።»

«ተክሉ ኃይለኛ ነው አሉ?» ወይዘሮ ማሊኖቫ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠየቁ።

«ባለሙያዋ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች» አልኩ። ይህም እውነት ነው።

ሰዉ አጉረመረመ፤ የአድናቆት ነው። «አላልኳችሁም!» አለ ቬንዴሊን፣ አረቄውን እየቀዳ። «አይቼ አላልኳችሁም? በራሱ የበቀለ ነገር መቼም ኃይለኛ ነው። ከርግብ ቤቴ ሥር፣ ማንም ሳይዘራው፣ እንደ ቀስት ነው የወጣው!» ይህን እየሰማ አንድ ሰው እንኳ ምንም አልጠረጠረም። እኔ አረቄዬን ጨለጥኩ።

ቅዳሜ ቭላስታ ውሉን ከፊርማዬ ሥር ራሷም ፈረመች፤ በልጅነቷ የተማረችውን ባለ ብዙ ጥምዝምዝ ፊርማ፣ አንዱንም ጥምዝ ሳታስቀር። ለሬናታ ደውላ «አሳንሰሩን ለሌላ ሰው ስጡት» አለቻት። ከዚያ መቀሷን ይዛ ፒሮቿ ላይ ወጣች፤ እስከ ማታም አልወረደችም።

እነሆ አሁን ኅዳር ነው። ማኅበራችን እንዲህ ሲሠራ ታይቶ አይታወቅም። ባለ ቁጥር ዘጠኙ መሬቱን በዶማ እየገለበጠ ነው፣ ወይዘሮ ማሊኖቫ ድንጋይ ያነሣሉ። ከአርባ ስድስቱ ቦታ የሚያነክሰው እኔ ብቻ ነኝ። ቭላስታ በየማታው ሱሪዬን እስከ ጭኔ ሰብስባ፣ ያን ገለባ የተቀቀለበትን ሞራ ጉልበቴ ላይ ታሻለች። እጇ እንደ ጉጠት ጠንክሯል፤ ያመኛል።

«ሁሉም ድኖ አንተ ብቻ!» ትላለች። «እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነህ? ሰውነትህ ራሱ ደንብ ካላየ አይቀበልም?»

ልነግራት አፌን የከፈትኩበት ቀን አለ። እጇን ሳየው ዘጋሁት።

ትላንት ከቀትር በኋላ፣ አትክልቱ ጎጆ ውስጥ፣ እንዲሁ ስታሸኝ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ኦታ። አልተሻለህም?»

«ተሻለኝ» አልኳት።

አርባ ስድስት ዓመት ዋሽቻት ስለማላውቅ ወዲያው አመነችኝ። ብልቃጡን ከደነችና «እንግዲያው ለሚመጣው ዓመት ሦስት ሥር እንተክላለን፤ ሂድና ከቬንዴሊን ዘር ለምን፣ ሌላው ሳይወስድብን» አለች። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ ድምጿ ደረሰብኝ።

«ኧረ አታነክስ! ሰው ቢያይህ መድኃኒቱ አይሠራም ይላል!»

በአትክልቱ መካከል፣ ሁሉም ዶማቸውን ተደግፈው እያዩኝ፣ እስከ ርግብ ቤቱ ድረስ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።